ሰውን ያስቀደመ ኤአይ ለማህበረሰብ ጥቅም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለማህበረሰብ የሚጠቅም ኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) እንስራ ብለው የተነሱ ሰዎች፣ ፕሮግራመሩም የጤና ባለሙያውም በእርዳታ ድርጅት የሚሰራውም፣ ደጋግመው የሚያነሱትን ነው እዚህ የሰበሰብኩት። መልሶቹ እኩል አይረዝሙም፣ አንዳንዱ በሁለት መስመር ያልቃል፣ አንዳንዱ ግን የሰው ህይወት ላይ የሚያርፍ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌዋለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውን ያስቀደመ ኤአይ ማለት ምን ማለት ነው? ኤአይ ሁሉ ለሰው አይደል እንዴ የሚሰራው?

ሁሉም ለሰው ነው ይባላል፣ ግን አብዛኛው የሚጀመረው ከቴክኖሎጂው ነው። አዲስ ሞዴል (ከዳታ ተምሮ የሚተነብይ ወይ የሚለይ ፕሮግራም) ይወጣል፣ «እስቲ የት እንጠቀምበት» ይባላል፣ ከዛ ችግር ይፈለግለታል። ሰውን እናስቀድም ሲባል ይሄ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ሰዎቹ ስራቸውን እንዴት እንደሚሰሩ፣ ምን እንደሚያስቸግራቸው፣ ምን እንደሚፈሩ ይታያል፣ ኤአይ የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ ላይመጣም ይችላል።

ሃሳቡ አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ኮምፒውተር ወደ ፋብሪካ ሲገባ የብረታ ብረት ሰራተኞች ማህበር ክሪስተን ኒጎርድ ከሚባል የኮምፒውተር ሳይንቲስት ጋር ሆኖ ሰራተኛው ሲስተሙን አውቆ በአገባቡ ላይ ድምጽ እንዲኖረው ሰርቷል። የዛሬው ክርክር ሁሉ የዛ ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሌላ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ «ማሽኑ ብዙ በሰራ ቁጥር የሰው ቁጥጥር ያንሳል» ብሎ ማሰብ ነው። ቤን ሽናይደርማን የተባለው ተመራማሪ ለዓመታት የሚከራከረው ሁለቱም አንድ ላይ ከፍ ማለት ይችላሉ ብሎ ነው። የስልካችሁን ካሜራ አስቡት፣ ብርሃኑንም ፎከሱንም ራሱ ያስተካክላል፣ ምን እንደሚነሳ፣ መቼ እንደሚነሳ፣ የቱ እንደሚጠፋ የምትወስኑት ግን እናንተ ናችሁ።

ዓላማችን ጥሩ ከሆነ በቂ አይደል?

አይበቃም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ህብረት ከ2017 ጀምሮ ኤአይ ለበጎ ዓላማ በሚል ጉባኤ ያዘጋጃል፣ ጤናው ትምህርቱ ግብርናው የአደጋ መከላከሉ ይነሳል፣ ይሄ ደስ ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ዓላማው ጥሩ ሲሆን ሰው ጥያቄ መጠየቅ ማቆሙ ነው። ማስታወቂያ የሚመርጥ ሞዴል ቢሳሳት የማትፈልጉት ጫማ ታያላችሁ፣ እርዳታ ለማን ይድረስ የሚለውን የሚመርጥ ሞዴል ቢሳሳት ግን አንድ ቤተሰብ ጾሙን ያድራል። ስለዚህ ለበጎ ስራ የሚሰራ ነገር ከንግዱ የበለጠ መፈተሽ አለበት እንጂ ያነሰ አይደለም።

እሺ ከየት እንጀምር? የትኛውን ሞዴል እንጠቀም?

ከሞዴል አትጀምሩ። መጀመሪያ «ይሄ ችግር ነው» ያለው ማነው የሚለውን ጠይቁ። ችግሩን ያነሳው ገንዘብ ሰጪው ነው? ስራ አስኪያጁ ነው? ወይስ በየቀኑ ከችግሩ ጋር የሚውለው ሰው? ሶስቱ የሚሏችሁ ነገር ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ታካሚዎች በቀጠሯቸው አይመጡም እንበል። «ማን እንደሚቀር የሚተነብይ ሞዴል እንስራ» ማለት ቀላል ነው፣ ዳታውም አለ፣ ሞዴሉም ይሰራል። ግን ሰዎቹ የሚቀሩት ትራንስፖርት ስለሌላቸው ወይ ቀጠሮው በስራ ሰዓት ስለሆነ ከሆነ፣ ማን እንደሚቀር ማወቃችሁ ማንንም አያመጣም። ይባስ ብሎ ትንበያው «ይቀራል» ባለው ሰው ሰዓት ላይ ሌላ ሰው ለመደረብ ከዋለ፣ ያ ሰው እንደምንም ብሎ በመጣ ቀን ወረፋ ይጠብቀዋል፣ ማለትም ድሮም የተቸገረው ነው ድጋሚ የሚቀጣው። ያው ትንበያ የትራንስፖርት ገንዘብ ለማን ይሰጥ ለማለት ከዋለ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ሞዴሉ አንድ ነው፣ ልዩነቱ በትንበያው ምን ታደርጋላችሁ የሚለው ላይ ነው።

እና ብዙ ጊዜ፣ የምር ብዙ ጊዜ፣ ችግሩ በአንድ የማስታወሻ ኤስኤምኤስ ወይ በተስተካከለ ፎርም ይፈታል። ያኔ ኤአዩን መተው ሽንፈት አይደለም።

የሞዴላችን አኩራሲ (ትክክል የመሆን መጠኑ) ከ90 ፐርሰንት በላይ ነው፣ አሁን ስራ ላይ ማዋል አንችልም?

ይሄን ጥያቄ ስሰማ ሁሌ ትዝ የሚለኝ የታይላንዱ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ዓይኑ ካልታየለት ሳያውቀው ሊታወር ይችላል። የጉግል ተመራማሪዎች የዓይን ፎቶ አይቶ ጉዳቱን የሚለይ ሞዴል ሰሩ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ከ90 ፐርሰንት በላይ፣ ልክ እንደ ስፔሻሊስት ነበር። ያለዚህ ፎቶው ወደ ስፔሻሊስት ተልኮ መልሱ እስከ 10 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ ሞዴሉ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይመልሳል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ከዛ 11 ክሊኒክ ገባ። ፎቶውን የምታነሳው ነርሷ ናት፣ ለጥሩ ፎቶ ክፍሉ መጨለም አለበት፣ ያኔ ነው የዓይን ብሌን የሚሰፋው። ክፍሉን ማጨለም የሚቻልባቸው ክሊኒኮች ግን ሁለት ብቻ ነበሩ። ብርሃን ባለበት ክፍል የተነሳው ፎቶ ደብዘዝ ይላል፣ ሞዴሉ ደግሞ የተሰራው ጥራት የሌለውን ፎቶ አልቀበልም እንዲል ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከገቡት 1,838 ፎቶዎች 21 ፐርሰንቱን መለሰ። ፎቶው የተመለሰበት ሰው ዓይኑ ደህና ቢሆንም ሌላ ቦታ ሄዶ ስፔሻሊስት እንዲያይ ይነገረዋል፣ ለዛ ደግሞ ከስራው መቅረት አለበት፣ መንገዱም አለ። ነርሶቹ ይሄን ስላወቁ አንዳንድ ታካሚ እንዳይሳተፍ እስከመምከር ደርሰዋል። ኢንተርኔቱም አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ጠፍቶ 200 ሰው ይታይበት የነበረው ክሊኒክ 100 ሰው ብቻ አይቶ ዋለ።

ልብ በሉ፣ ሞዴሉ አልተበላሸም። የጎደለው ስለ ክፍሉ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ነርሷ እና ስለ ታካሚው መንገድ ቀድሞ ማወቅ ነው። ደግነቱ ተመራማሪዎቹ ክሊኒኩ ውስጥ ቁጭ ብለው አይተው ያዩትን በ2020 በግልጽ አሳተሙት፣ እኔ ለዛ ትልቅ ክብር አለኝ፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ተሸፋፍኖ ነው የሚቀረው።

ሌላው በ2021 የታተመ ጥናት ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሆስፒታሎች ስለሚጠቀሙበት ሴፕሲስን (ኢንፌክሽን ሲከፋ የሚመጣ ለህይወት የሚያሰጋ ሁኔታ) ቀድሞ ያስጠነቅቃል ስለተባለ ሞዴል። አንድ ሆስፒታል ላይ ሲፈተሽ ሴፕሲስ ከያዛቸው ሰዎች 67 ፐርሰንቱን አልያዘም፣ ይህም ሆኖ ከተኙት ታካሚዎች 18 ፐርሰንቱ ላይ ይጮህ ነበር። በየአስር ደቂቃው የሚጮህ ማሽን ደግሞ ሃኪሙ ትንሽ ቆይቶ አይሰማውም።

ዳታችን ላይ ዘርም ጾታም የለም፣ አጥፍተነዋል። አድልዎ ከየት ይመጣል?

ከምትተነብዩት ነገር ራሱ ሊመጣ ይችላል። በ2019 ዚያድ ኦበርማየር እና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ለኔ የዚህ ሁሉ ትምህርት እናት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎች ተጨማሪ ክትትል የሚያስፈልገው የትኛው ታካሚ ነው የሚለውን የሚለይ አልጎሪዝም ይጠቀሙ ነበር፣ ዘር የሚባል መረጃ አልተሰጠውም። ግን ህመምን መለካት ከባድ ስለሆነ የተነበየው ወጪን ነው፣ «ብዙ የሚታመም ብዙ ገንዘብ ያወጣል» በሚል። ችግሩ ጥቁር ታካሚዎች እኩል ታመው እንኳን በተለያየ ምክንያት ያነሰ ህክምና ነው የሚያገኙት፣ ስለዚህ ወጪያቸው ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ለአልጎሪዝሙ ጤነኛ ይመስላሉ። ተመራማሪዎቹ እንዳሰሉት መዛባቱ ቢስተካከል ተጨማሪ ክትትል ከሚያገኙት ውስጥ የጥቁሮቹ ድርሻ ከ17.7 ወደ 46.5 ፐርሰንት ይወጣ ነበር። አስቡት፣ ማንም ክፉ ሰው የለም እዚህ ውስጥ፣ አንድ ቃል ነው፣ «ህመም» የሚለው በ«ወጪ» ተተካ፣ በዛ ምክንያት ስንት የታመመ ሰው ተረሳ።

ዳታው ውስጥ ማን አለ የሚለውም አለ። ጆይ ቡኦላምዊኒ እና ትምኒት ገብሩ በ2018 የፊት ፎቶ አይተው ወንድ ነው ሴት ናት የሚሉ የገበያ ሲስተሞችን ሲፈትሹ ቆዳቸው ጠይም ወይም ጥቁር የሆነ ሴቶች ላይ ስህተቱ እስከ 34.7 ፐርሰንት ደርሷል፣ ፈካ ያለ ቆዳ ያላቸው ወንዶች ላይ ግን ትልቁ ስህተት 0.8 ነበር። አማካዩን ብቻ ብታዩ ይሄ አይታይም። ስለዚህ ሁሌ ውጤቱን በቡድን በቡድን ከፍላችሁ እዩ።

ሶስተኛው ደግሞ ዳታው እውነት ሆኖ ሲያሳስት ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሪች ካሩዋና የሚናገረው የሳንባ ምች ታሪክ አለ፣ ሞዴሉ «አስም ያለበት ሰው በሳንባ ምች የመሞት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው» ብሎ ተማረ። ዳታው ላይ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን አስም ያለበት ሰው ሲመጣ ሃኪሞች ደንግጠው ቀጥታ ጽኑ ህክምና ክፍል ስለሚያስገቡት ነው የሚተርፈው። ሞዴሉን አምናችሁ «አደጋ የለውም፣ ቤቱ ይሂድ» ብትሉት ትገድሉታላችሁ። ይሄን የሚይዘው ከአኩራሲው በላይ ሞዴሉን ከፍቶ ማየት መቻሉ እና ውጤቱን «እንዴ ይሄ ልክ አይደለም» የሚል ሃኪም አጠገባችሁ መኖሩ ነው።

የመጨረሻውን ውሳኔ ሰው ካጸደቀው ችግር የለም አይደል?

ሰውየው ስንት ደቂቃ አለው? በቀን 300 ፋይል አጽድቅ የተባለ ሰራተኛ ማህተም ነው እንጂ ተቆጣጣሪ አይደለም። ከማሽኑ ሃሳብ ሲለይ ብቻ ማብራሪያ ጻፍ ከተባለማ ሁሌም ይስማማል። ሰው ደግሞ ሲደክመው ስክሪኑ ያለውን ያምናል፣ ይሄ የስንፍና ጉዳይ አይደለም፣ ሁላችንም እንዲሁ ነን። የእውነት የሰው ቁጥጥር አለ የሚባለው ሰውየው ጊዜ ሲኖረው፣ ሌላ መረጃ ማየት ሲችል፣ እና «አይ» ሲል የማይቀጣ ሲሆን ነው።

ከዚህም በላይ ግን የተወሰነበት ሰው የት ሄዶ ይናገር? ኔዘርላንድስ ውስጥ የልጆች ማቆያ ድጎማ ላይ ማጭበርበር ፍለጋ በወጣ ሲስተም እና በጠበቀ አሰራር በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ላልሰሩት ጥፋት ገንዘብ መልሱ ተብለው ዕዳ ውስጥ ገቡ፣ ማን ሊያጭበረብር እንደሚችል የሚገምተው መለኪያ ዜግነትን ይቆጥር ነበር፣ ጉዳዩ በጥር 2021 መንግስቱን ከስልጣን አስለቅቋል። አውስትራሊያ ውስጥ ድጎማ ያጣራ የነበረው የመንግስት ሲስተም ደግሞ ኤአይ እንኳን አልነበረም፣ ተራ ሂሳብ ነው፤ የሰውን የዓመት ገቢ ለ26 እኩል አካፍሎ «በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ገቢ ነበረህ፣ ድጎማው አይገባህም ነበር» እያለ ዕዳ ይልክ ነበር። አንድ ወር ሰርቶ አንድ ወር ስራ የሚያጣ ሰው ገቢው እኩል አይከፋፈልማ። ያንን ማስረዳት ያለበትም ደሃው ራሱ ነበር፣ የዓመታት በፊት የደሞዝ ወረቀት ፈልጎ። መንግስት በ2020 ወደ 470,000 የሚሆኑ ዕዳዎችን እመልሳለሁ አለ።

ስለዚህ አቤቱታ መቀበያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይኑር፣ በሰው የሚመለስ ይሁን፣ ውሳኔው ለምን እንደተሰጠ ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። አቤቱታው እስኪታይ ድረስም እርዳታው አይቋረጥ፣ እኔ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ማህበረሰቡን አሳትፈናል፣ መጠይቅ አስሞልተናል። ያ አይበቃም?

መጠይቅ መረጃ መውሰድ ነው፣ ማሳተፍ ሌላ ነው። መለኪያው ቀላል ነው፣ ሰዎቹ በተናገሩት ምክንያት ምን ቀየራችሁ? ምንም ካልተቀየረ ለይስሙላ ነው። ገና ሃሳቡ ሳይበስል ጥሯቸው፣ ለጊዜያቸው ክፈሉ (ለአማካሪ ይከፈላል አይደል፣ እነሱም አማካሪ ናቸው)፣ እና «ይሄ ነገር ባይሰራ ይሻላል» ካሉ የሚሰማቸው ሰው ይኑር። ስብሰባ ላይ የሚናገረው ሁሌ ያው ሰው ከሆነ ደግሞ ዝም ያሉትን ለየብቻ አነጋግሩ፣ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር እዛ ነው ያለው።

ተጠቃሚዎቹ በዳታቸው መጠቀም እንደምንችል ተስማምተዋል፣ እስከምን ድረስ እንሂድ?

ሲስማሙ እስከመሰላቸው ድረስ ብቻ። በ2022 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት ያሰቡ ሰዎች ጭምር የሚጽፉለት የቴክስት የእርዳታ መስመር የንግግሮቹን ዳታ፣ ስም ተነስቶለት፣ የደንበኛ አገልግሎት ሶፍትዌር ለሚሸጥ ድርጅት ያካፍል እንደነበር ተሰማ። ደንቡ ላይ ተጽፏል፣ ስምም የለበትም፣ ግን ሰው በህይወቱ ከባድ ሌሊት ላይ ሆኖ ረጅም ደንብ ያነባል? ቁጣው ሲበዛ በቀናት ውስጥ አቆሙት። ሰውየው ቢያውቅ ያዝን ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አዎ ከሆነ ተዉት።

ለተጨነቁ ሰዎች ቻትቦት ብንሰራስ? ሰራተኛ የለንም።

በጣም ተጠንቀቁ። በ2023 የአመጋገብ ችግር ያለባቸውን ሰዎች የሚረዳ የአሜሪካ ድርጅት የሰው የስልክ መስመሩን ለመዝጋት ወስኖ ሳለ ቻትቦቱ ለእነዚሁ ሰዎች ክብደት የመቀነሻ ምክር ሲሰጥ ተገኘና ወዲያው ተነሳ። ለሌላ ሰው ተራ የሆነ ምክር ለነሱ መርዝ ነው። ኤአዩ ቀጠሮ ቢያስይዝ፣ መረጃ ቢፈልግ፣ ለሰራተኛው ማስታወሻ ቢያዘጋጅ ጥሩ፤ በጭንቅ ሰዓት ግን ቶሎ ወደ ሰው የሚያሻግር በር ይኑረው፣ በሩ ማዶ የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ባይጀመር ይሻላል።

ቋንቋችን ብዙ ዳታ የለውምና ኤአዩ በደንብ አይሰራልንም፣ ምን እናድርግ?

ጥራቱን ራሳችሁ በተናጋሪዎች አስፈትሹ፣ በእንግሊዝኛ የተገኘ ውጤት ለእናንተ ቋንቋ ምንም አይናገርም። ዳታ መሰብሰብ ካለባችሁ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ይምሩት፣ ከ2019 ጀምሮ ማሳካኔ የሚባለው የአፍሪካ ቋንቋዎች የተመራማሪዎች ስብስብ ያሳየው ይሄንን ነው። ሞዴሉ ቋንቋውን በደንብ ካልቻለ ደግሞ ለተጠቃሚው በግልጽ ንገሩት፣ በተሰባበረ ቋንቋ የተሰጠ የመድሃኒት መመሪያ ከዝምታ ይከፋል።

እስካሁን ያወራነው ጥፋት ጥፋቱን ነው፣ ጥሩ የተሰራ የለም?

አለ እንጂ! ቢ ማይ አይስ የሚባለውን አፕ እወደዋለሁ። ዴንማርክ ውስጥ ራሱ የማየት ችግር ያለበት ሃንስ ዮርገን ቪበርግ የጀመረው ነው፣ በ2015 ስራ ጀመረ፣ ዓይነ ስውሩ ቪዲዮ ይደውላል፣ በጎ ፈቃደኛው የሚያየውን ይነግረዋል። በ2023 ኤአይ ሲጨመርበት ፎቶ አንስቶ ማሽኑን መጠየቅም ተቻለ፣ ሰው መደወሉ ግን አልቀረም። ኤአዩ ምርጫ ጨመረ እንጂ የነበረውን አልቀማም። የወተት ካርቶን ጊዜው አልፎበት እንደሆነ ለማየት ለአስረኛ ጊዜ ሰው ማስቸገር ያልፈለገ ሰው ማሽኑን ይጠይቃል፣ ለከበደው ነገር ሰው ይደውላል።

ኑሩ የሚባለው የካሳቫ ቅጠል በሽታ የሚለይ አፕም ያለ ኢንተርኔት ስልክ ላይ ይሰራል። ማሳ ላይ ኔትወርክ እንደሌለ ያወቀ ሰው ነው የሰራው።

ኖቪሲ የሚባለው የቶጎ የገንዘብ ድጋፍ ፕሮግራም ደግሞ ታማኝነቱ ነው ደስ የሚለኝ። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ መንግስት ለደሃው በሞባይል ገንዘብ ለመላክ የድሆች መዝገብ አልነበረውም፣ ስለዚህ በሳተላይት ምስል እና በስልክ አጠቃቀም ዳታ የባሰባቸውን ለመለየት ተሞከረ። በ2022 የወጣው ጥናት በአካባቢ ብቻ ከመለየት ጋር ሲነጻጸር ሊደርሳቸው ሲገባ የሚቀሩት ሰዎች ስህተት ከ4 እስከ 21 ፐርሰንት ቀነሰ ይላል፣ ሙሉ የማህበራዊ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ከሚገኘው ጋር ሲነጻጸር ግን ከ9 እስከ 35 ፐርሰንት የባሰ እንደሆነም እዛው ላይ ጽፎታል። ለችግር ጊዜ ይረዳል፣ መዝገቡን ግን አይተካም፣ ስልክ የሌለውንም አያይም።

ህጉስ ምን ይላል?

እንደየአገሩ ነው። ዩኔስኮ በህዳር 2021 ያወጣውን የኤአይ ስነምግባር ምክረ ሃሳብ 193 አገሮች ተቀብለውታል፣ አስገዳጅ ግን አይደለም። የአውሮፓ ህብረት የኤአይ ህግ ነሐሴ 1 ቀን 2024 ጸና፣ ግዴታዎቹ በየደረጃው ነው የሚጀምሩት፣ ትምህርት፣ ቅጥር፣ የመንግስት ድጎማ የመሳሰሉትን ከፍተኛ አደጋ ያለባቸው ብሎ ይመድባል። ህግ ባይኖርባችሁም ያንን ዝርዝር ማየት ጥሩ ነው፣ የእናንተ ስራ እዛ ውስጥ ካለ ጥንቃቄውም በዛው ልክ ይሁን።

ሰርተን ከጨረስን በኋላ ስራችን አለቀ ማለት ነው?

ዋናው ስራ ያኔ ነው የሚጀምረው። ገንዘቡ ሁለት ዓመት ነው፣ ከዛ ሰርቨሩን ማን ይከፍላል? ሞዴሉ ሲያረጅ ማን ያድሰዋል? ይሄ ካልታሰበ ሰዎች የለመዱት ነገር አንድ ቀን ጠዋት ላይ ጠፍቶ ያገኙታል። ከመጀመሪያው ቀን «ይሄ ከሆነ እናቆማለን» የሚል መስመር ጻፉ፣ ለምሳሌ የአንዱ ቡድን ስህተት ከሌላው እጥፍ ከሆነ፣ ወይ አቤቱታ ካቀረቡት አብዛኞቹ ልክ ሆነው ከተገኙ። መስመሩን ቀድማችሁ ካልጻፋችሁ በኋላ ልባችሁ አይጨክንም፣ የደከማችሁበት ነዋ።

ስታቆሙ ደግሞ ወራት ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ዳታውን ለባለቤቶቹ መልሱ ወይም አጥፉ። እና ሲስተሙ ሲገባ ነርሷ ትጽፍበት የነበረውን መዝገብ አታስጥሏት፣ መብራት የጠፋ ዕለትም ሆነ እናንተ የሄዳችሁ ዕለት ታካሚው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እየጠበቃት ነው።